የሐምሌው ፈቃድህ

ሆሳዕና፣ ግንቦት 23 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለጴጥሮስ
ፓዌ፣ መንደር 23፣ ጤና ጣቢያ

የኔ ጴጥሮስ፣

ሰው ሁሉ ደብዳቤ ሲጽፍ «ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ» ይላል። እኔም እስከ ዛሬ እንደዚያ እያልኩ ስጽፍልህ ኖሬያለሁ። ዛሬ ግን ብዕሩን ይዤ ሳስበው፣ ናፍቆቱን «በስተቀር» ብዬ ወደ ጎን ባደርገው የሚተርፍ ደህንነት አጣሁ። ስለዚህ እንዲህ ልበልህ፤ እበላለሁ፣ አስተምራለሁ፣ እተኛለሁ፣ ትናፍቀኛለህ። አንተስ? ወባው ተመልሶ አልያዘህም ወይ? ለሰው ሁሉ ክሎሮኪን እያደልክ የራስህን እንደምትረሳ አውቃለሁ። እባክህ ራስህንም እንደ አንድ በሽተኛ ቁጠረው።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልልከውም። ቆርቆሮና እህል ጭኖ ወደ እናንተ የሚመላለሰው ሾፌር፣ አቶ ቸኮል፣ ሐሙስ ይነሣል አሉኝና በእጁ ልሰጠው ነው። ረጅም ነው፤ ደግሞም ካንተ በቀር ማንም እንዲያነበው አልፈልግም። በሽተኞችህን ጨርሰህ፣ ተቀምጠህ አንብበው።

እዚህ አዲስ ነገር ብዙ የለም። በልጉ ዘግይቶ ገባ፤ ግንቦትን ግን ሳያቋርጥ ዘነበ። ከትምህርት ቤት የምወርድባት ቁልቁለት ሁለት ጊዜ አንሸራትታኝ፣ ከዚያ ወዲህ ጫማዬን አውልቄ በእጄ እየያዝኩ ነው የምሄደው። ተማሪዎቼ ይስቁብኛል። ዘንድሮ ሦስተኛ ክፍል ሰባ ስምንት ልጆች አሉኝ። ጸሎት ቤታችን እንደታሸገ ነው፤ እሁድ እሁድ ግን በየቤቱ «እንጠያየቃለን»። ዛሬም ከዚያው ተመልሼ ነው የምጽፍልህ። አከራያችን እትዬ ሙሉነሽ ደህና ናቸው፤ በየወሩ የማርያምን ጠበል አምጥተው «ጠበል ሃይማኖት አይጠይቅም» እያሉ ይረጩኛል። እኔም እሺ ብዬ እረጫለሁ። ለምን እሺ እንደምላቸው በኋላ ይገባሃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

ለፋሲካ የጻፍክልኝን ደብዳቤ አንብቤዋለሁ። «ጵርስቅላ፣ እኔ ልጅ ይቅርብኝ። አንቺ ትበቂኛለሽ። ከእንግዲህ ስለዚህ ነገር አናንሣ» ብለኸኛል። ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርህም። ግን ደብዳቤህ ሳይደርሰኝ፣ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ፣ እኔ አዲስ አበባ ሄጄ ነበር። ለሰው የተናገርኩት እህቴን ገነቴን ልጠይቅ ነው ብዬ ነው። እውነቱን የምታውቀው አዋላጇ ሲስተር ከበቡሽ ብቻ ናት፤ ወረቀቱን ጽፋ ወደ ሐኪሙ የላከችኝም እሷ ናት።

ዶክተር ሳህሉ ይባላሉ። ጸጉራቸው የሸበተ፣ ሲናገሩ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ናቸው። አራቱንም ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው። የመጀመሪያው በ1973፣ በአራተኛ ወሩ። ሁለተኛው በዓመቱ፣ እናትህን ጠይቀን ከሆመቾ ስንመለስ መኪና ውስጥ የጀመረኝ። ሦስተኛው በ1976፣ በአምስተኛ ወሩ፤ ቤት ውስጥ፣ አንተ ራስህ በእጅህ የተቀበልከው። አራተኛው አምና፣ አንተ ፓዌ ከሄድክ በኋላ።

«ምጥ ነበረሽ?» አሉኝ።

«የለም። ወገቤን ይከብደኛል፣ ከዚያ ድንገት ነው።»

መርምረውኝ፣ እጃቸውን እየታጠቡ፣ «ልጆቹ ምንም አልነበራቸውም» አሉ። «የማህፀንሽ በር ነው። ልጁ እየከበደ ሲመጣ መያዝ ያቅተዋል።»

ጴጥሮስ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ምን እንደበላሁ፣ ምን እንደተሸከምኩ፣ ማንን እንዳስቀየምኩ ስቆጥር ነው የኖርኩት። እንስራ ስላነሣሁ ነው፤ ለቅሶ ቤት ስላመሸሁ ነው፤ እናቴ ሳትመርቀኝ ስላገባሁህ ነው ስል። እዚያው ወንበር ላይ አለቀስኩ። የሐዘን ልቅሶ ግን አልነበረም፤ ከእስር እንደተፈታ ሰው ነው ያለቀስኩት።

ከዚያ መድኃኒቱን ነገሩኝ። በሦስት ወር ተኩል ገደማ በሩ በክር ይታሰራል። ከዚያ በኋላ እስክወልድ ድረስ አልጋ ላይ ነኝ። ቆሞ ማስተማር የለም፣ መንገድ የለም፣ ከሆስፒታል መራቅ የለም።

«ይህን ሁሉ ካደረግሁስ?» አልኳቸው።

«አንዳንዴ ክሩ ይይዛል፣ አንዳንዴ አይይዝም። እንዳንቺ ካሉት እኔ ካከምኳቸው ግማሾቹ ልጃቸውን ታቅፈው ወጥተዋል። ግማሾቹ ባዶ እጃቸውን። ባለፈው የፈሰሰሽን ደም ሳስብ ደግሞ የምፈራው ለልጁ ብቻ አይደለም።»

«ባለቤቴ ፓዌ ነው ያለው። እዚያ ሄጄ ብተኛስ?»

«ወባ አገር? አርግዘሽ እዚያ እንዳትረግጪ።»

«እህትዎ ብሆን ምን ይሉኝ ነበር?»

ይህን ስል ብዕራቸውን አስቀመጡ። «እህቴ ብትሆኚ ኖሮ ሌላ ሐኪም ዘንድ እልክሽ ነበር፤ መልሱን ከኔ አፍ እንዳትሰሚው» አሉኝ። ሌላም ያሉኝ ነገር አለ። እሱን ስትመጣ በአፌ እነግርሃለሁ።

ከተመለስኩ በሳምንቱ የአውራጃው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አስጠራኝ። ጓድ ወንዳፈረውን ታውቃቸዋለህ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የዝውውር ማመልከቻዬን ከመሳቢያ ወደ መሳቢያ ሲያዘዋውሩ የኖሩት። ያን ቀን ወንበር ስበው አስቀመጡኝ። ያኔውኑ ነገር እንዳለ ገባኝ።

«በይ እንኳን ደስ ያለሽ ጓድ ጵርስቅላ! ፓዌ፣ መንደር 23፣ አንደኛ ደረጃ። ከባልሽ ጤና ጣቢያ አጥሩ ነው የሚለየው አሉ። እስከ ሰኔ መጨረሻ ፈርሚ። ካልፈረምሽ ለሌላ ሰው ይሄዳል፣ ሁለተኛ ዕድል የለም።»

ሁለት ዓመት የለመንኩት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ እስክሪብቶውን አላነሣሁም። የፈራሁ መሰላቸውና ሊያበረታቱኝ ብለው፣ «ባልሽንም እኮ ማንም አላስገደደውም። ለሰፈራው የጤና ሠራተኛ ስም ስጡ ሲባል ቀድሞ የፈረመው እሱ ነው። አንቺም እንደሱ ቆራጥ ሁኚ» አሉኝ።

እኔ መንግሥት መድቦህ የሄድክ ነበር የመሰለኝ። እንደዚያ ነበር የነገርከኝ።

አልተቀየምኩህም ብል ውሸት ነው። ሦስት ቀን ተቀየምኩህ። ፎቶህን ከግድግዳው ላይ አውርጄ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። በአራተኛው ቀን ግን ያን የ1976ቱን ቀን አስታወስኩ። ሦስተኛውን ተቀብለህ፣ አጥበህ፣ በፎጣ ጠቅልለህ ለቀባሪዎቹ ከሰጠህ በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጠህ እጆችህን ስታይ ዋልክ። የሌላ ሰው እጆች ይመስል ነበር የምታያቸው። ከዚያ ወዲህ ወላድ በመጣ ቁጥር ለከበቡሽ ትተህ ትወጣ እንደነበር እሷው ነግራኛለች። የሸሸኸው እኔን አይደለም። ይህን ለማወቅ ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ ይቅር በለኝ። ፎቶህም ወደ ግድግዳው ተመልሷል።

እኔም የደበቅኩህ ነገር አለ። እንግዲህ እኩል ነን።

አምና አራተኛው በመጋቢት፣ ገና በሁለት ወሩ እንደወረደ ጽፌልህ ነበር። እውነት አይደለም። አንተ ለገና መጥተህ ከተመለስክ በኋላ እስከ ሰኔ ድረስ ይዣት ነበር። ማርገዜን ያልጻፍኩልህ፣ አምስተኛው ወር ይለፍና፣ ስድስተኛው ይሙላና፣ ያኔ በአንድ ጊዜ ላስደስትህ ብዬ ነው። ደብዳቤውን እንኳ በልቤ ጽፌ ጨርሼው ነበር። ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከምሳ በኋላ የልጆቹን ፈተና እያረምኩ ሳለሁ ወገቤን ከበደኝ። እትዬ ሙሉነሽ ጋሪ አስቁመው ሆስፒታል አደረሱኝ። ከበቡሽ ተቀበለቻት።

ሴት ነበረች። ተነፈሰች፣ ጴጥሮስ። ድምፅ አልነበራትም እንጂ ደረቷ ከፍ ዝቅ ይል ነበር። ጣቴን መዳፏ ላይ ሳኖርላት ጨበጠችው። አንተ ሕክምና ታውቃለህና «እሱ እንዲያው የሕፃን ልማድ ነው» ትለኝ ይሆናል። በለኝ፤ ግን ጨብጣኛለች። አርባ ደቂቃ ያህል ኖረች። ከበቡሽ ሰዓቷን ስታይ ነበር፣ በኋላ ነው የነገረችኝ። ከዚያ እኔም ደም ፈሰሰኝና ራሴን አላወቅሁም።

ስነቃ እትዬ ሙሉነሽ አጠገቤ ነበሩ። በገዛ ነጠላቸው ጠቅልለው ከጓሯቸው፣ ከእንሰቱ ሥር ቀብረዋት መጥተዋል። «ልጄ፣ ስም የላትም ብዬ እንዲያው ከበደኝ» አሉኝ። «ምን ልበላት?»

«አየሁሽ» አልኳቸው። ሌላ ስም አልመጣልኝም። አንተ በሀዲይኛ፣ እኔ በከምባትኛ አፋችንን ፈትተን፣ በአማርኛ አይደል የተዋደድነው? የልጃችንም ስም በአማርኛ ወጣ።

ያን ሰሞን አንተን ወባ ጥሎህ ሰው እንደማትለይ ጓደኛህ ጽፎልኝ ነበር። በአንድ ወር ሁለት ሰው እንዳላጣ ፈራሁ። ስለዚህ ወራቱን ቀነስኩ፣ ሴት መሆኗን ዋጥኩት። ስትድን ልነግርህ ነበር። ስትድን ደግሞ፣ ደህና ሆኖ ሳለ ቁስል እንዴት ልንካበት አልኩ። እንዲህ እያልኩ ዓመት ሞላኝ። አንተ «ስለዚህ ነገር አናንሣ» ስትለኝ፣ ለካ ከእሷ ጋር ብቻዬን ትተኸኝ ነው። አታውቅም ነበርና አልወቅስህም። አሁን ግን አወቅህ። ብታለቅስ አልቅስላት፤ እስካሁን ያለቀስንላት እኔና እትዬ ሙሉነሽ ብቻ ነን።

የዛሬ ሳምንት ቅዳሜ እናትህ ለገበያ ከሆመቾ መጥተው ነበር። ሌላ ሚስት ሊያጩልህ ነው እያለ ሰው ሲያወራ ስለሰማሁ፣ ገና ሲቀመጡ ራቅ ብዬ ቆምኩ። የኔን ሀዲይኛ ታውቀዋለህ፤ የእሳቸውም አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም። ያመጡትን ቆጮና ቅቤ አስቀምጠው እጄን ያዙኝና፣ «አንተ ከሳህ ልጄ» አሉኝ። «ሰው ብዙ ያወራል። ሰው ተወው። እኔ ዘጠኝ ወለድኩ፣ አራት ቀበርኩ። አንተ ከሞትክ ልጅ ለማን ነው? ሂድ፣ ባልህ ጋ ኑር። ልጅ ባይኖር ቤት ነው።»

ስፈራቸው ኖሬ ያን ቀን ጉልበታቸው ላይ ወደቅሁ። ከሄዱ በኋላ እትዬ ሙሉነሽን «እርስዎስ ምን ይሉኛል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እንደምታውቀው ልጅ ሳይወልዱ ነው ያረጁት። «እኔ በዚህ ነገር ምክር የለኝም፣ አልደረሰብኝም አልደረስኩበትም» አሉኝ። ከዚያ፣ «ግን ያቺን ልጅ ስጠቀልላት ፊቷን አይቼዋለሁ። ግንባሯ ያንቺው ነበር» አሉ።

እንግዲህ ይኸው ነው ጴጥሮስ። ወረቀቱን ከፈረምኩ ከአንተ ጋር እኖራለሁ። ፓዌን ስንት ጊዜ በሐሳቤ እንደኖርኩባት! ጠዋት ፂምህን ስትላጭ መስታወቱን ስይዝልህ፣ በዕረፍት ሰዓት በአጥሩ በኩል ስጠራህ፣ ስትመጣ የእግርህን ኮቴ ከሌላው ሰው ሁሉ ለይቼ ሳውቅ። እዚህ የማላውቀው ሰው ሲስቅ አንተን መስሎኝ ዞር እላለሁ። አልጋው ላይ እስካሁን የግድግዳውን በኩል ለአንተ ትቼ ነው የምተኛው።

ልጅ የምንሞክር ከሆነ ግን ፓዌ የለም። በሐምሌ አጋማሽ ለፈቃድህ መጥተህ ሠላሳ ቀን አብረን እንሆናለን። ከዚያ አንተ ትመለሳለህ፤ እኔ ካረገዝኩ አዲስ አበባ ገነቴ ቤት እስከ ሚያዝያ እተኛለሁ። ልጁ ቢሰጠንም በጨቅላነቱ ወባ ውስጥ ይዤው አልመጣም። ባይሰጠን ደግሞ፣ ልጁንም አንተንም ያጣሁበት ዓመት ይሆናል። ይህን ሁሉ አገላብጬ አይቼዋለሁ። አንድም የተሰወረብኝ የለም።

ባለፈው ሰኞ ጓድ ወንዳፈረው ዘንድ ሄድኩና «ለሌላ ሰው ይስጡት» አልኳቸው።

«አሞሻል እንዴ?» አሉኝ።

«ደህና ነኝ።»

ስሜን በቀይ እስክሪብቶ ሲሰርዙት አየሁ። ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና የጫማዬን ማሰሪያ ፈትቼ መልሼ አሰርኩ፤ ደግሜ ፈትቼ አሰርኩ። 

ሳልጠይቅህ ስላደረግሁት ትቆጣ ይሆናል። ተቆጣ። ብጠይቅህ ግን ለኔ ብለህ «ነዪ» እንደምትለኝ አውቃለሁ፣ አንተ «ነዪ» ካልከኝ ደግሞ እኔ እምቢ የምልበት ጉልበት የለኝም። ለዚያ ነው ቀድሜ ያሰረዝኩት። ቢሆንም ልጅ የሁለት ሰው ነው፤ ፈቃዱም የሁለት ሰው ነው። ስትመጣ ዓይኔን እያየህ «አልችልም» ካልከኝ በቃ ነው። አስተማሪነቱ ቀርቶብኝ፣ ሚስትህ ብቻ ሆኜ፣ በአቶ ቸኮል መኪና ጭነት ላይ ተቀምጬም ቢሆን ተከትዬህ እሄዳለሁ፤ ዕድሜ ልኬንም አላነሣብህም። ይህን ቃል የምሰጥህ እያወቅሁ ነው።

ለምን ትለኝ ይሆናል። የሰው አፍ አይደለም፤ የሰው አፍ ለምጄዋለሁ። እናትህም አፋቸውን ዘግተውልኛል። ሟቾቹን ልተካም አይደለም፣ ሰው በሰው አይተካም። አርባ ደቂቃ እናት ነበርኩ። ባላውቀው ኖሮ ይቅርብኝ ማለት እችል ነበር። አንተ ስትስቅ አፍንጫህ እንደሚሸበሸብ ታውቃለህ? አታውቅም፣ ራስህን ስትስቅ አይተህ አታውቅ። እኔ ግን ያን መሸብሸብ ሌላ ትንሽ ፊት ላይ ሳየው ነው የማድረው። ግማሽ ዕድል አለ ብለውኛል። ስድስት ዓመት ሙሉ ምንም ዕድል የሌለኝ መስሎኝ ለሞከርኩ ሴት፣ ግማሽ ብዙ ነው።

አንተ አትፍራ፤ እኔ አልፈራሁም። እንዲያው ቤቱን እያሰናዳሁ ነው። የትምህርት ማስረጃዎችህን፣ የጋብቻ ወረቀታችንንና ፎቶዎቻችንን በትንሿ ሳጥን አድርጌ እትዬ ሙሉነሽ ዘንድ አስቀምጫለሁ፤ ብትፈልጋቸው እሳቸውን ጠይቅ። ሹራብህን ጨርሼዋለሁ፤ ለፓዌ ሙቀት ሹራብ ምን ያደርጋል ብትልም አንድ ቀን ወደ ደጋው መመለስህ አይቀርም። ከገነቴም ጋር ተነጋግረናል። ምናልባት እኔ ከደከምኩ ሕፃኑን እሷ ትይዘዋለች፤ ጡት የምታጠባ ናትና ለእሷ አይከብዳትም። ይህን እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው የጻፍኩልህ።

ከዶዮገናም ከሆመቾም ወደዚያ የሄዱትን ወገኖቻችንን ሁሉ በስማቸው እየጠራህ ሰላም በልልኝ። ጌታ ከወባውም፣ ከእባቡም፣ ከብቸኝነቱም ይጠብቅህ። የምትጠጣውን ውኃ ይባርክልህ። የምታክማቸው ይዳኑልህ፤ ሲመሽ ደግሞ ስሜን ጠርተህ የምትተኛበት እንቅልፍ ይስጥህ።

መልስህን በደብዳቤ አትላክልኝ። ወረቀት ላይ እሺም እምቢም አንድ ዓይነት ቀለም ነው፤ እኔ የማውቀው ፊትህን ነው። ይዘኸው ና። አዲስ አበባ ስትደርስ ገነቴ እደር ብላ ትይዝሃለች፤ ሰላም በላትና ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ተሳፈር። እሺም በል እምቢ፣ አንድም ቀን መንገድ ላይ አትደርብኝ። ሠላሳ ብቻ ናቸው።

የአንተው
ጵርስቅላ